ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ እጅዎ እንዳይታሰር



በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን በብዙ ቤት ውስጥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ስለሚወራ ጉዳይ እንማማራለን። ይኸውም በካንሰር ምክንያት ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደላት እናት፣ ሚስት ወይም እህት ከሆስፒታል ስትመለስ ሰውነቷ እንዴት እንደሚያገግም ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚቀርቡት እብጠቱ ከገፋ በኋላ በመሆኑም ጡትን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ የተለመደ ሕክምና ነው። በተወገደው ጡት ምትክ ከሆድ ወይም ከጀርባ በሚወሰድ ሥጋ፣ አልያም በሲሊኮን ሌላ ጡት የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና አለ። ሆኖም ይህ ለአብዛኞቹ እህቶቻችን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በሚገኝበት አገርም ቢሆን ተጨማሪ ቁስል አንፈልግም ብለው የሚተዉት ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጽሑፍ ደረታቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ለሚያገግሙት እህቶችና ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ነው።

በቅድሚያ አንድ የምሥራች እንናገር። ሌላ ጡት ያልተሠራላት ሴት የምታስታምመው የደረቷንና የብብቷን ቁስል ብቻ ስለሆነ ማገገሚያ ጊዜዋ ያጥራል። አልሐምዱሊላህ፣ አብዛኞቹ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ቀላል የዕለት ተዕለት ሥራቸው ይመለሳሉ። የደረት ቁስል በደንብ ከተያዘ ይድናል። ብዙዎችን ለዓመታት የሚያስቸግረው ግን ማንም ያላሰበው ትከሻ ነው።

ትከሻ ለምን ይደርቃል?

ጡት የተቀመጠው እጅን ከሚያንቀሳቅሱ የደረት ጡንቻዎች በላይ ነው። ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማወቅም ሆነ ለማስወገድ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በብብት ስር ያሉትን ንፍፊቶች አብሮ ያወጣል። በመሆኑም ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ ቆዳው ይኮማተራል፤ ጠባሳው ደረትን ከብብት ጋር ይጎትታል። እህታችን ሕመሙን ስትፈራ እጇን ከጎኗ አጣብቃ ትይዛለች። የሚወዷት ዘመዶቿም «ስፌቱ እንዳይበጠስ እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺው» ይሏታል፤ አንዳንዴም በሻሽ አንገቷ ላይ ያንጠለጥሉላታል። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ፀጉር ማበጠር፣ ሂጃብን ከኋላ ማሰር፣ ልብስ ማስጣትና ለተክቢራ እጅን ማንሳት ሁሉ ያስቸግራል።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለብዙ ሴቶች የጨረር ሕክምና ይታዘዛል። ጨረሩ ወደ ደረት እንዲደርስ ሕመምተኛዋ እጇን ከራሷ በላይ አንስታ ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት። እጇ የማይነሳ ከሆነ እስኪፍታታ ድረስ ሕክምናው ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ወረፋ ተጠብቆ የተገኘ ቀጠሮ በደረቀ ትከሻ ምክንያት ሲያልፍ እጅግ ያሳዝናል።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ቴሬዝ ላስር የተባለች ሴት ጡቷ ከተወገደ በኋላ እጇን እንዴት እንደምታንቀሳቅስና ምን እንደምትለብስ የሚነግራት አጣች። እርሷም ራሷ ተለማምዳ ሌሎች ሕሙማንን ትጠይቅ ጀመር፤ ስትሄድ የምትይዘው ለእጅ ማለማመጃ የሚሆን ኳስና ገመድ፣ ለደረትም ጊዜያዊ ምትክ ነበር። ሥራዋን እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ተረክቦታል። ያኔ በልምድ የታወቀው ነገር ዛሬ በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመ አንድ የብሪታኒያ ጥናት፣ ትከሻቸው ለመጎዳት የተጋለጠ 392 ሴቶች ተካፍለው ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ ጀምረው በባለሙያ የተመራ እንቅስቃሴ ያደረጉት ከዓመት በኋላ እጃቸው የተሻለ የሚሠራና ሕመማቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በእንቅስቃሴው ምክንያት የቁስል ጉዳትም ሆነ የእጅ እብጠት አልጨመረም።

እንደ አራስ መተኛት አይገባም

በእኛ ባህል ከሆስፒታል የወጣች ሴት እንደ አራስ ትያዛለች። አልጋ ይነጠፍላታል፣ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላታል፣ ከአልጋዋም እንዳትወርድ ትለመናለች። ይህ የፍቅር ምልክት ነው፤ ያስመሰግናል። ነገር ግን ያለ እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ መተኛት ደም በእግር ውስጥ እንዲረጋ፣ ሆድ እንዲደርቅና ጉልበት እንዲከዳ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪምዎ ካልከለከለዎት በስተቀር ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ በቤት ውስጥ ይራመዱ። በተኙ ጊዜም የተጎዳውን እጅ በትራስ ላይ ከፍ አድርገው ያሳርፉት።

ከሆስፒታል ሲወጡ ከደረትዎ ጎን አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ቱቦ ሊኖር ይችላል። ሐኪሞች ድሬን ይሉታል። ሥራው በቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ማውጣት ነው። ፈሳሹ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። በየቀኑ እንደታዘዙት ለክተው መጠኑን በወረቀት ይጻፉ። ብዙ ሐኪሞች ቱቦውን የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ፈሳሽ ከ30 ሚሊ ሊትር ገደማ በታች ሲሆን ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ቱቦው እንዳይጎተት መያዣውን በመርፌ ቁልፍ ከልብስዎ ውስጠኛ ክፍል ጋር ያያይዙት። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሰፊ ቀሚስ ቢለብሱ እጅን ወደ ላይ ሳያነሱ ለመልበስ ያመቻል።

እንቅስቃሴው እንዴት ይሠራል?

ከዚህ በታች ያለው የተለመደው ቅደም ተከተል ነው። የእርስዎ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የተለየ ነገር ካዘዘዎት የእነርሱን ይከተሉ። ሰዓቱን ላለመርሳት ቀላል ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከየሰላቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መድቦ መሥራት ነው።

1. ቱቦው እስኪወጣ ድረስ፦ እጅዎን ከትከሻዎ በላይ አያንሱ። እጅዎን ይጨብጡና ይዘርጉ፤ ክርንዎን ይጠፉና ይዘርጉ፤ ትከሻዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ያሽከርክሩ። እያንዳንዱን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይሥሩ። በረጅሙ መተንፈስም ሳንባን ይጠቅማል። በዚያው እጅ መብላት፣ ፊት መታጠብና ጥርስ መፋቅ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይመከራል።

2. ቱቦው ከወጣና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፦ በጀርባዎ ይተኙ። ሁለቱን እጆች አቆላልፈው፣ ጤነኛው እጅ የተጎዳውን እየረዳ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ አቅጣጫ ያንሱ። ቀጥሎም ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው ጣቶችዎን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ያስኪዱ። የደረሱበትን በከሰል ምልክት ያድርጉና በየቀኑ ትንሽ ለማለፍ ይሞክሩ። በሦስተኛ ደረጃ ሁለቱን እጆች ከማጅራት ኋላ አድርገው ክርኖችዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ።

3. ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ፦ ቁስሉ በደንብ ከደረቀ ጡንቻን ማጠንከር ይጀመራል። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ክብደቱን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

መወጠር ሲሰማዎ ትክክል ነው፤ ሹል ሕመም ሲሰማዎ ግን ያቁሙና ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ጨረር እየወሰዱ ባሉበት ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ለወራት እንቅስቃሴውን አያቋርጡ፤ ጨረር ራሱ ቆዳንና ጡንቻን ያደርቃልና።

የሚያስደነግጡ ነገር ግን የተለመዱ ስሜቶች

የላይኛው ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ሊደነዝዝ ይችላል። ይህም በብብት በኩል የሚያልፍ የስሜት ነርቭ በመነካቱ ነው። ለወራት ሊቆይ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ላይለቅ ይችላል። ደንዛዛ ቆዳ ሙቀትን ስለማያውቅ የሚታጠቡበትን ውሃ በሌላው እጅዎ ይሞክሩ። የሌለው ጡት ያለ መስሎ ሲያሳክክዎ ወይም ሲወጋዎም አእምሮዬን ሳትኩ አይበሉ፤ ነርቮች የሚያደርጉት ነው።

ሌላው ከብብት ተነስቶ ወደ ክርን የሚወጠር እንደ ክር ወይም ገመድ ያለ ነገር ነው። በቀዶ ሕክምናው ማግስት ባሉት ሳምንታት ይታያል። ካንሰር ተመለሰ ማለት አይደለም። ቀስ ብሎ በመሳሳብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። ቱቦው ከወጣ በኋላ በደረት ላይ ውሃ የያዘ የሚመስል እብጠት ከተፈጠረ ደግሞ ሐኪም በመርፌ ሊቀዳው ይችላል፤ እቤት ውስጥ ማፍረጥ ክልክል ነው።

ውዱእና ሰላት

እህቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ፋሻው ውሃ እንዳይነካው ከታዘዘ ጤነኛውን የሰውነት ክፍል ታጥቦ በፋሻው ላይ ማበስ ወይም ተየሙም ማድረግ በሸሪዓችን የታወቁ ማቅለያዎች ናቸው። ከቱቦው ስለሚወጣው ፈሳሽ የመስጊድዎን ኢማም ወይም የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ እንጂ ሰላትዎን አያቋርጡ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያልቻለ በጎኑ ተጋድሞ እንደሚሰግድ የታወቀ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሱጁድ ጊዜ ክብደትን በእጅ ላይ መጣል ደረትን ያማል፤ ሲነሱም ስፌቱን ይስባል። ስለዚህ ወንበር ላይ ሆነው በምልክት ቢሰግዱ ይቀልዎታል። ቁስሉ ሲደርቅ ወደ መሬት ይውረዱ፤ ሲነሱ በጤነኛው እጅ ይደገፉ። ለተክቢራም እጅዎን በመጀመሪያ እስከሚችሉት ድረስ ብቻ ያንሱ። እንዲህ እያሉ ሰላትዎ የማገገምዎ መለኪያ ይሆናል። ዛሬ ከደረት ያላለፈው እጅ ከሳምንታት በኋላ ጆሮ ሲደርስ በዓይንዎ ያዩታል። በጁሙዓና በዒድ ግፊያ ውስጥ ግን የተጎዳው ጎንዎ እንዳይመታ ቤተሰብ ይከልልዎ።

ምን ይብሉ?

ቁስል የሚጠገነው በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዓሣ፣ ሥጋ ካለ መልካም፤ ከሌለም ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየማዕዱ አይጥፋ። ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ጎመን ቆዳ እንዲጋጠም የሚረዳውን ቪታሚን ሲ ይሰጣሉ። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉና ውሃ፣ ቴምርና አትክልት ያብዙ። ቅቤና ጣፋጭ ግን በልክ ይሁን፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ቀጥለን ለምናነሳው የእጅ እብጠት ያጋልጣል።

ማርም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ሐኪም ሳያውቅ በቁስሉ ላይ አይደረግ። የሚዋጥ የባህል መድኃኒት ካለም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከኬሞቴራፒ ጋር የማይስማማ ሊኖር ይችላል። ረመዷን ከሆነ ቁስሉ ትኩስ ሳለ ወይም ኬሞቴራፒ እየወሰዱ ለመጾም ከመነየትዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ። ለታመመ ሰው አፍጥሮ ሲድን ቀዷ ማውጣት የተፈቀደለት ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠውን ማቅለያ መቀበል ድክመት አይደለም።

የእጅ እብጠትን መከላከል

ንፍፊቶች በእጅ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱ ጣቢያዎች ናቸው። በርካታዎቹ ሲወጡ ፈሳሹ መንገድ ሊያጣና እጅ ሊያብጥ ይችላል። ሊምፍኤዲማ ይባላል። የብብታቸው ንፍፊቶች በብዛት ከተወገዱላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷን ገደማ ያጋጥማል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚታወቀው ቀለበት፣ አምባር ወይም የቀሚስ እጅጌ ሲጠብ ነው። ቶሎ ከተያዘ በሚለጠጥ የእጅ ሹራብና በሠለጠነ ባለሙያ እሽት ይቆጣጠሩታል።

ዋናው መከላከያ የዚያን እጅ ቆዳ ከቁስል መጠበቅ ነው። እንጀራ ሲጋግሩና ቡና ሲቆሉ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ። ቢላ፣ እሾህና የምጣድ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስሉም ጀርም ማስገቢያ በር ናቸው፤ ከነካዎት ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ። በዚያ እጅ ላይ ሒጃማ አያሠሩ፤ ወጌሻ ጋር ሄደውም በኃይል አያሳሹት። ደም ለመቅዳትና የደም ግፊት ለመለካት ሌላውን እጅ ይስጡ፤ በድንገተኛ ሁኔታ በዚያው እጅ ቢደረግም ግን አይጨነቁ።

ቀደም ሲል ሴቶች በዚያ እጅ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ ነገር እንዳያነሱ ይነገራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ፣ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ይህንን ለውጦታል። በባለሙያ እየተመሩ ቀስ በቀስ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልባሰም፤ እንዲያውም የሚያገረሽባቸው ቀንሷል። ትርጉሙ በሁለተኛው ሳምንት 20 ሊትር ጀሪካን ይሸከሙ ማለት አይደለም፤ ያ 20 ኪሎ ነውና። ትርጉሙ እጅዎ ከተለማመደ እንደገና የሥራ እጅ ይሆናል ማለት ነው።

የደረት ሚዛን

አንድ ጡት ሲጎድል፣ በተለይ ከባድ ጡት ለነበራቸው፣ ሰውነት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ አንገትና ጀርባም ያማል። ብዙ ሴቶችም ጉድለቱ እንዳይታይ ትከሻቸውን ወደፊት አጉብጠው ይሄዳሉ። መፍትሔው ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ኋላ ስቦ ቀጥ ብሎ መቆምን መልመድ ነው። ምትክ የሚፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከለስላሳ የጥጥ ጨርቅ የተሰፋና ጥጥ የተሞላ ቀላል ነገር ይበቃል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ የሌላውን ጡት ያህል ክብደት ያለው መጠቀም ይቻላል። የተሠራ ካልተገኘ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ንጹሕ ሩዝ ወይም ማሽላ ሞልቶ በጥጡ መካከል መስፋት ይቻላል፤ እርጥበት እንዳያበላሸው እህሉን መለወጥ ነው። ምንም ሳያደርጉ በሰፊ ልብስና በሂጃብ መሄድ ከተመቸዎም ምርጫው የእርስዎ ነው።

ለባሎችና ለልጆች

ወንድማችን ሆይ፣ ሚስትዎ ጠባሳውን ለማየት የሚፈሩት ብዙ ጊዜ የእርስዎን ፊት እያሰቡ ነው። ፋሻውን ሲለውጡ አብረው ይሁኑ፤ ፊትዎን አያዙሩ። ውሃ መቅዳቱን፣ ልብስ ማጠቡንና ሕፃን ማቀፉን ለጥቂት ሳምንታት ሌላው የቤተሰብ አባል ይረከብ። ነገር ግን ሁሉን ነገር ቀምታችሁ አታስቀምጧቸው። ልጆችም «እማዬ፣ ዛሬ ግድግዳው ላይ የት ደረስሽ?» ብለው ቢጠይቁ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሙቀትዎ ከ38 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲግል ወይም መግል ሲያወጣ፣ ቱቦው ውስጥ ድንገት ብዙ ደም ሲታይ፣ እጅዎ ቀልቶ ሲግልና ሲያብጥ፣ አንድ እግርዎ ሲያብጥና ሲያምዎ፣ ትንፋሽ ሲያጥርዎ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ። ነገ ይሻለኛል አይበሉ።

በመጨረሻም ቀዶ ሕክምናው የሕክምናው ፍጻሜ አይደለም። የታዘዘልዎትን ኬሞቴራፒ፣ ጨረር ወይም ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን «ድኛለሁ» ብለው አያቋርጡ፤ የቀረውን ጡትም በቀጠሮው ያስመርምሩ። ዛሬ ይህንን ያነበባችሁ ሁሉ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰች ጎረቤት ካለቻችሁ ስትጠይቋት ገንፎውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከበላች በኋላ ግን ከግድግዳው ፊት አብራችኋት ቁሙ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ፈውስን ይለግስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።